በጤና በጎ አድራጎት ድርጅት መሥራት ምን ይመስላል? (ሰሜን ሸዋ)

ነርስ ከባሶና · ሰኞ ማታ 2፡40

እንደምን አመሻችሁ። የተማርኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ አሁን ባሶና ወራና ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ላይ ነርስ ነኝ። በትራኮማ (በተላላፊው የዓይን በሽታ) ላይ የሚሠራ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የአንድ ዓመት ውል አቅርቦልኛል። ሥራው እንሳሮን፣ ሞረትና ጅሩን፣ መንዝንም መዞር ነው፤ የዓይን ፀጉር የተቀለበሰባቸውን ሰዎች ለይቶ ለቀዶ ሕክምና ማድረስ፣ የመድኃኒት እደላውንም ማስተባበር። ደመወዙ አሁን ከማገኘው ይሻላል።

እናቴ «የመንግሥት ሥራ ተለቆ በውል ይኬዳል ወይ?» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። ጓደኞቼ ደግሞ «ኤንጂኦ ተገኝቶ ምን ያስጠይቃል?» ይሉኛል። ከሁለቱም ወገን የምሰማው የገንዘብ ነገር ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው ሥራው ራሱ ምን እንደሚመስል ነው። የሠራችሁበት ሰዎች እባካችሁ ንገሩኝ።

የጅሩው · ሰኞ ማታ 4፡05

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ከእነዋሪ ተነሥቼ ጅሩን፣ እንሳሮን፣ በኋላም መንዝን በዚሁ በትራኮማ ሥራ ዞሬበታለሁ። ዛሬም እዚያው ላይ ነኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ጤና ጣቢያ ላይ ሕመምተኛው ደጅሽ ድረስ ይመጣል። የትራኮማ ሕመምተኛ አይመጣም። ፀጉሩ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን እየፋቀው ዓመታት የኖረ ሰው «እርጅና ነው» ብሎ ተቀብሎታል። ሲብስበት ጎረቤት ይጠራና በወረንጦ ያስነቅላል። ወረንጦው ፀጉሩን ከሥሩ ካላወጣው ይቆርጠዋል፤ የቀረው ጉቶ ደግሞ ከረጅሙ ፀጉር የባሰ ይወጋል። አብዛኞቹ እናቶችና አያቶች ናቸው። በሽታው ከሕፃናት ዓይንና አፍንጫ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ስለሚተላለፍ ልጅ የሚያቅፍ ሰው ደጋግሞ ይያዛል፤ ለዚህ ነው ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን የሚጎዳው። ሥራሽ እነዚህን ሰዎች ቤት ለቤት ሄዶ ማግኘት፣ ከጓዳ ወደ ደጅ ብርሃን ማውጣት፣ «እስቲ ወደ ላይ ይመልከቱልኝ እማማ» ብሎ በባትሪ ማየት ነው።

ቀዶ ሕክምናው የዓይን ሐኪም የግድ አይልም። በሚገባ የሠለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ውስጥ በማደንዘዣ ይሠራዋል። ከባዱ ሴትየዋን ከቤቷ ማስነሣት ነው። ስለት ፈርተው እምቢ የሚሉ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ምክንያታቸው ሌላ ነው። «ዓይኔ ታሽጎ ማን ይጋግርልኛል?» ስትልሽ መልስ ሊኖርሽ ይገባል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከጭስና ከአቧራ መራቅ አለባት፤ ኑሮዋ ደግሞ ምድጃው ሥር ነው። በራሪ ወረቀት እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም። እኛ ዘንድ የሠራው፣ የማኅበሯ ሴቶች ተነጋግረው ተራ ሲገቡላት ነው፤ አንዷ ትጋግራለች፣ አንዷ ውኃ ትቀዳለች፣ አንዷ ልጆቹን ትይዛለች። ይህንን የምትሞዪበት ቦታ በሪፖርት ቅጹ ላይ አታገኚም። እኔ ግን ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይኸ ነው እላለሁ፤ አንድ ቀን ሙሉ ከሴቶቹ ጋር ቡና ላይ ተቀምጠሽ ብትውዪና ሌላ ምንም ባትሠሪ ቀኑ አልባከነም።

ወቅቱንም እወቂ። በአጨዳና በውቂያ ሰሞን ጅሩ ላይ ቀዶ ሕክምና ማቀድ ትርፉ ድካም ነው፤ ያ ጥቁር አፈር ስንዴውን ሲሰጥ ማንም ቤት ተቀምጦ አይውልም። ዕቅዱ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከለጋሹ የበጀት ዓመት ጋር ተስተካክሎ ነው። ያንን ተከራክረሽ ማስለወጥ የአንቺ ሥራ ነው፣ ማንም አይሠራልሽም።

ዓለም ትራኮማን የሚዋጋበት መንገድ አራት እግር አለው፦ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና፣ የአካባቢ ንጽሕና። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይቆጠራሉ። ስንት ሰው ቀዶ ሕክምና አገኘ፣ ስንት ሰው መድኃኒት ዋጠ። የኋለኞቹ ሁለቱ ውኃና ሽንት ቤት ናቸው፤ አዝጋሚ ስለሆኑ በሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ አያምሩም። ምንጩ ሩቅ በሆነበት የመንዝ ቀበሌ ላይ ቆመሽ «የልጆቻችሁን ፊት እጠቡ» ስትዪ፣ ጀሪካኗን በጀርባዋ አዝላ ዳገት የወጣችው ሴት ምን እንደምታስብ አስቢ። ለአንድ ልጅ ፊት ብዙ ውኃ እንደማያስፈልግ ማሳየት ይቻላል፣ እናሳያለንም። ነገር ግን ምንጩ ካልጎለበተ ትራኮማው ተመልሶ ይመጣል፤ መድኃኒቱ ብቻውን አይችለውም።

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ ክሩን ማን ያወጣዋል? ቀዶ ሕክምና ዘመቻው አንድ ጤና ጣቢያ ላይ ጥቂት ቀን ይቆይና ወደሚቀጥለው ወረዳ ያልፋል። ፋሻው በማግስቱ ይነሣል፤ ስፌቱ ግን የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ ያን ጊዜ መኪናው የለም። ፀጉሩ አንዳንዱ ላይ መልሶ ስለሚቀለበስም ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ እንደገና መታየት አለባት። ለዚህ የተዘጋጀ ሰው፣ ስምና ስልክ ካላቸው ጥሩ ድርጅት ነው። «እሱ እንኳ በወረዳው በኩል ይታያል» ካሉሽ ገና አልተዘጋጁም ማለት ነው።

ኬላዋ (መንዝ) · ማክሰኞ ጠዋት 1፡20

የጅሩው የጻፉትን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። ድርጅቶች ሁሉ «በማኅበረሰቡ በኩል እንሠራለን» ሲሉ በእኔ በኩል ማለታቸው ነው።

ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴት ባለሙያ፣ 16 ፓኬጅ (የጤና አገልግሎት ዓይነት) ተብሎ ነው። ክትባቱ፣ የነፍሰ ጡር ክትትሉ፣ የቤተሰብ ምጣኔው፣ ሽንት ቤቱ፣ ሳንባ ነቀርሳው ሁሉ የእኛ ነው። ከዚያ የትራኮማው ድርጅት የራሱን መዝገብ ይዞ ይመጣል። የምግብ እጥረቱም፣ የእናቶቹም እንዲሁ። ሁሉም «በዚህ ሳምንት ይድረስልን» ይላል። የምዞራቸው ቤቶች ግን እነዚያው ናቸው።

ጥሩ የድርጅት ሠራተኛ እንዴት ያለ እንደሆነ ልንገርሽ። ጤና ኬላው ሲደርስ መጀመሪያ የቤተሰብ ማኅደሩን፣ የየቤቱን የጤና መዝገብ ማለት ነው፣ እንዳሳየው ይጠይቀኛል። በየትኛው ቤት ውስጥ ዓይናቸውን ያመማቸው እናት እንዳሉ፣ የትኛው ባል እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ቤት ልጅ ሞቶባቸው ገና ሐዘን ላይ እንደሆኑ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዷ ሱፐርቫይዘር ነበረች፣ አብራኝ በእግሯ ነው የምትወጣው፤ ማታ መዝገቡን አብረን ነበር የምንሞላው፣ በአንድ ጊዜ የእሷንም የእኔንም። ስትሄድ ያስተማረችኝ አብሮኝ ቀረ፤ ዛሬ የዓይን ቆብ ገልብጬ አይቼ ፀጉር መቀልበሱን ከሌላ የዓይን ሕመም እለያለሁ። ሌላው ግን የቀበሌውን ሊቀመንበር ይዞ ያልፈኝና ቆይቶ «ዳታው አልተሟላም» ብሎ ይደውልልኛል።

ስለ አበልም ልናገር፣ ያማልና። ሥልጠና ላይ ከከተማ የመጣው ሰው የቀን አበሉን ይወስዳል፤ ቤት ለቤት የምትዞረዋ ግን ለመመለሻ ትራንስፖርት እንኳ የማይበቃት ጊዜ አለ። ሥልጣን ካገኘሽ ይህንን አስተካክዪ።

ወሬም አለ። አንድ ዓመት የመድኃኒት እደላ ሲመጣ «ያመክናል» ተባለ፣ ሴቶቹ በር ዘጉ። እኛ ብናስረዳም አልሰሙም። በኋላ ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጠዲቁ ላይ ተነሥተው መጀመሪያ ራሳቸው ዋጡ፣ ቀጥሎ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው። ከዚያ በኋላ ሰልፉ ቤተ ክርስቲያኑን ዞረ። አባቶችን ቀድመሽ አነጋግሪ፤ ቀድመሽ፣ ወሬው ከተነሣ በኋላ አይደለም።

ነርስ ከባሶና · ማክሰኞ 7፡10

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጅሩው ስለ ክሩ የጻፉት ነገር ልቤን ነካው፤ ምክንያቱም እኔ በሌላኛው በኩል ቆሜ አይቼዋለሁ። እኛ ጤና ጣቢያ ስፌት ያለባቸው እናቶች መጥተው ያውቃሉ። ማን እንደሠራቸው፣ መቼ እንደሆነ የሚል ወረቀት በእጃቸው የለም። «መኪና መጥቶ ሠርቶኝ ሄደ» ነው የሚሉት። ክሩን ማውጣት አውቅበታለሁ፣ አወጣሁላቸው፤ ነገር ግን አንደኛዋ ብዙ ቆይታ ስለመጣች የዓይን ቆቧ አብጦ ነበር።

ኬላዋ፣ እህቴ፣ አንቺ ያልሽው አብሮ መሙላት ጥሩ ነገር ነው። ድርጅቶቹ ይፈቅዳሉ ወይ? የራሳቸው ቅጽ የግድ አይደለም?

ኬላዋ (መንዝ) · ማክሰኞ 8፡00

ቅጹ የግድ ነው። አብሮ መቀመጡን ግን የሚከለክል የለም።

የውል ሠራተኛ የነበረው · ማክሰኞ ማታ 1፡30

እናትሽ ያሉት ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። እኔ በውጭ እርዳታ በሚከፈል ውል እሠራ ነበር። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም፣ በዚያው ገንዘብ የሚከፈላቸው 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል በጤና ሚኒስቴር በኩል ተቋረጠ። ሥራው ስላልተፈለገ ወይም ሠራተኛው ስለሰነፈ አይደለም። ሩቅ አገር በተወሰነ ውሳኔ እዚህ ሸዋ ውስጥ መድኃኒቱን የሚጠብቅ ሰው ክትትሉ ተቋረጠበት። ለራሴ ካዘንኩት ይልቅ ስልክ እየደወሉ «መቼ ትመጣለህ?» ለሚሉኝ ሰዎች ያዘንኩት ይበልጣል።

ስለዚህ ውሉን አንብቢ። ገንዘቡ ከማን እንደሚመጣና መቼ እንደሚያልቅ ጠይቂ፣ መጠየቅ ነውር የለውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለሽ፤ የወሊድ ፈቃድ ደግሞ 30 ቀን ከመውለድ በፊት፣ 90 ቀን በኋላ። ጡረታሽን አንቺ 7 በመቶ፣ ድርጅቱ 11 በመቶ ይከፍላል፤ በየወሩ መግባቱን አረጋግጪ። ጤና ጣቢያሽም ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጥሽ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ፣ በቃል አይበቃም።

ደመወዙ የተሻለ ነው ብለሽም አትፈሪ። ቤተሰብ የሚረዳ ሰው የተሻለ ደመወዝ መፈለጉ ሥራውን አያረክሰውም።

ዓለም ከተማ · ማክሰኞ ማታ 3፡15

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፣ የመርሐ ቤቴ ልጅ ነኝ። ስለሚቀር ነገር ስትነጋገሩ አንድ ነገር ልጨምር። በካርልሃይንትስ ቦም እ.ኤ.አ. በ1981 የተመሠረተው ሰዎች ለሰዎች እ.ኤ.አ. በ1992 እኛ ጋ ገባ። ዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታል በእሱ ነው የተሠራው። ድርጅቱ ፕሮጀክቱን ጨርሶ ወጣ፤ ሆስፒታሉ ግን ዛሬም አለ፣ የመንግሥት ሆኖ ያክማል። ከዚያ በፊት የጃማን ገደል ወርዶና ወጥቶ ሐኪም ዘንድ መድረስ ምን እንደነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነበር የምትሄደው። ስለዚህ ድርጅት ሁሉ መጥቶ ይሄዳል የሚባለው እውነት ነው፣ ግን ጥሎት የሚሄደው ነገር ይለያያል።

ሾፌር ነኝ · ማክሰኞ ማታ 3፡50

እህቴ፣ ስለ መንገዱ ማንም አልነገረሽም። ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ ስትታጠፊ ጉሙ መኪናውን ይውጠዋል፤ በክረምት በቀን መብራት አብርተን ነው የምንሄደው። ወደ እንሳሮና ወደ ጃማ በኩል ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ነው፣ በአንድ ቀን በርኖስም ያስፈልግሻል፣ ነጠላም። ይኸ ቀላሉ ነው።

አሁን ባለው ሁኔታ መንገድ ይዘጋል። የእኛ ደንብ፣ ከመነሣታችን በፊት በምንሄድበት ቀበሌ ያሉ ሽማግሌዎችንና የጤና ሠራተኞችን እንደውላለን። «ቆዩ» ካሉ እንቆያለን፤ ከአለቃ የመጣ ዕቅድ አይበልጠውም። አመሻሽ ላይ አንንቀሳቀስም። መድኃኒቱ መጋዘን ተቀምጦ ሰው እየጠበቀ ማየት ያቃጥላል፣ ግን ሰው ይዞ መጥፋት የባሰ ነው። ድርጅቱ «የግድ ሂዱ» የሚል ከሆነ አትግቢ። ይህንን ከውሉ በፊት ጠይቂ።

ሒሳብ ክፍል · ረቡዕ ጠዋት 3፡00

ከቢሮ በኩል አጭር ነገር። የፊልድ ሰዎች «ሒሳብ ክፍል ያስቸግራል» ይላሉ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአንድ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከዚያ በፊት በነበረው በ621/2001 ጣሪያው 30 በመቶ ነበር፤ ነገር ግን ሥልጠናውና ትራንስፖርቱ ሳይቀር አስተዳደራዊ እየተባለ ይቆጠር ስለነበር የጤና ሥራ በጣም ተጎድቶ ነበር። አሁን ተሻሽሏል። ለአንዲት እናት የመመለሻ ትራንስፖርት ስትሰጪ ስሟን፣ ቀበሌዋን፣ የጣት አሻራዋን ያዢልን። ያ ወረቀት ከጠፋ በሚቀጥለው ዓመት ለትራንስፖርት የሚያዘው በጀት ይቀነሳል፤ የሚጎዱትም እነዚያው እናቶች ናቸው።

የጅሩው · ረቡዕ 6፡20

ሒሳብ ክፍል ያሉት ትክክል ነው። እኔም አንድ ጨምሬ ልውጣ፣ ስለ መድኃኒት እደላው፤ ነርስ ከባሶና ይህንንም ታስተባብሪያለሽና።

አዚትሮማይሲኑ የአምራቹ የፋይዘር ስጦታ ነው፣ ሕዝቡ አይከፍልበትም። በዓመት አንድ ጊዜ ለመላው ነዋሪ ይሰጣል፣ ላልታመመውም ጭምር፤ «አልታመምኩም» የሚል ሰው ለምን እንደሚውጥ ማስረዳት አንዱ ሥራሽ ነው። ልኩ በቁመት መለኪያ እንጨት ይታወቃል፤ ለአዋቂ 4 ፍሬ፣ ለትንንሽ ልጆች ሽሮፕ፣ 6 ወር ላልሞላቸው ሕፃናት የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት። ከሕዝቡ ቢያንስ 80 በመቶው ካልወሰደ ልፋቱ ጎዶሎ ነው። ዓለም ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ ቀረ የሚለው ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች መሐል ምልክቱ የሚታይባቸው ከ5 በመቶ በታች ሲሆኑ፣ ከ15 ዓመት በላይ ካሉት ደግሞ የጤና ሥርዓቱ የማያውቃቸው ፀጉር የተቀለበሰባቸው ሰዎች ከ0.2 በመቶ በታች ሲሆኑ ነው። ያ ሁለተኛው ቁጥር ትርጉሙ በጥሩ ነርስ መዝገብ ላይ ይታያል። አንዲት እናት ተገኝታ፣ ተነግሯት፣ በስሟ ተይዛ ከሆነ የጤና ሥርዓቱ ያውቃታል፤ ጎጆዋ ውስጥ ብቻዋን በወረንጦ የምትነቅለው ናት የማትታወቀው። እሷን ፍለጋ ነው የምትወጪው።

ነርስ ከባሶና · ዓርብ ማታ 2፡15

ጠየቅኳቸው። ስለ መንገዱ፣ ያለ ሽማግሌዎቹ ፈቃድ መኪና አይነሣም አሉ። ገንዘቡ እስከ ውሉ መጨረሻ እንዳለ፣ ከዚያ በኋላ ግን ቃል መግባት እንደማይችሉ በግልጽ ነገሩኝ፤ በግልጽ መናገራቸውን ወደድኩት።

ስለ ክሩ ስጠይቅ ትንሽ ዝም አሉና፣ በሁለቱ ወረዳዎች የጤና ጣቢያ ነርሶችን እንዳሠለጠኑ፣ መንዝ ላይ ግን ገና እንደሆነ ነገሩኝ። እኔም እኛ ጤና ጣቢያ ያየሁትን ነገርኳቸው፤ እያንዳንዷ እናት የተሠራችበት ቀን፣ የትኛው ዓይን እንደሆነ፣ ክሩ የሚወጣበትና እንደገና የምትታይበት ቀን የተጻፈበት ካርድ ይዛ ትሂድ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ለጤና ኬላው ይሰጥ አልኩ። ተስማሙ። መንዝ ላይ ነርሶቹ ሳይሠለጥኑ ቀዶ ሕክምናው እንዳይጀመርም ጠየቅኩ። አለቃው «ከዕቅዱ ያዘገየናል» አለ፣ ግን በጽሑፍ አድርጌ እንድልክለት ነገረኝ። ልኬያለሁ። መልሱን አይቼ እፈርማለሁ።

እናቴ አሁንም ደስ አላላትም። ያለ ደመወዝ ፈቃዱን ግን ጤና ጣቢያው እያየው ነው፣ እሱ ከተፈቀደ ትረጋጋለች ብዬ አስባለሁ።

ኬላዋ፣ ከፈረምኩ መንዝ መጀመሪያ መቼ ብመጣ ይሻላል?

ኬላዋ (መንዝ) · ቅዳሜ ጠዋት 1፡05

ለእደላው ከሆነ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነይ። በጾሙ እስከ 9 ሰዓት የሚውጥልሽ የለም፤ በባዶ ሆድ የዋጠውም ያቅለሸልሸውና ለጎረቤቱ መጥፎ ወሬ ይነግራል። ለመለየቱ ሥራ ደግሞ በዓል ቀን ይሻላል፤ በሚካኤል ወይም በማርያም ሰው እርሻ አይወጣም፣ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ሁሉም ይገኛል። ከሳምንት በፊት ደውዪልኝ፣ ዓይናቸውን የሚያማቸውን እናቶች ዝርዝር ከማኅደሩ አውጥቼ እጠብቅሻለሁ። ዳገት የሚያወጣ ጫማ አድርገሽ ነይ፤ መኪናው ኬላው ድረስ አይደርስም።